ያውቁ ኖሯል? ስለ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊዎችና ስለ ሥዕሎቻቸው
(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

• ኢምፕሬሽኒስቶች የመጀመሪያውን የሥዕል ዐውደ ርዕያቸውን የከፈቱት ኤፕሪል 15 ቀን 1874 ፓሪስ ውስጥ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር በለቀቀው ስቱዲዮ ነበር። መግቢያው 1 ፍራንክ ነበር። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓትም ክፍት ስለነበር ቀን ሥራ የዋለ ሰው ማታ ገብቶ ማየት ይችል ነበር።

• ኢምፕሬሽኒስቶች ከቤት ወጥተው ሜዳ ላይ እንዲሥሉ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ በ1841 የፈጠራ መብት ያገኘበት የቀለም ቱቦ ነው። ከዚያ በፊት የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ተቋጥሮ ነበር።

• ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ያለው የክሎድ ሞኔ «የትሩቪል ባሕር ዳርቻ» የተሣለው በ1870 እዚያው ባሕሩ ዳር ነው። ማስረጃው ሥዕሉ ላይ አለ፦ የአሸዋ ቅንጣቶች እርጥቡ ቀለም ላይ ተጣብቀው፣ አብረው ደርቀው ቀርተዋል።

• የኢምፕሬሽኒስት ሥዕሎች በብዛት የሚታዩበት የፓሪሱ ኦርሴ ሙዚየም ሕንፃ በ1900 የተከፈተ ባቡር ጣቢያ ነበር። ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ1986 ነው። ግዙፉ የጣቢያው ሰዓት ዛሬም ከቦታው አልተነሣም።

• «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» የተባለው የሞኔ ሥዕል በ1985 ከፓሪሱ ማርሞታን ሙዚየም በጠራራ ፀሐይ ተዘርፏል። የታጠቁት ሌቦች አብረው ሌሎች ሥዕሎችንም ወስደው ነበር። ፖሊስ ሥዕሉን ያገኘው ከ5 ዓመት በኋላ፣ ኮርሲካ ደሴት ላይ ነው።