ብጣሽ ጨርቅ በልክ ስለ መግጠም

በአገራችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ሲነገር ወዲያው በአሳባችን የሚመጣው ችግር ነው። ጨርቅ ያጣ ሰው ያገኘውን ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየጣፈ ብርዱን የሚመክትበት ልብስ በመሆኑ፤ ቃሉ ለመናቂያ ጭምር እስከ ማገልገል ደርሷል። ሙያው ግን ይህ የሚገባው አይመስለኝም። በአሜሪካ አገር «ክዊልት» የሚባለው ድርብ የአልጋ ልብስ ከዚሁ ከብጣሽ ጨርቅ የሚሠራ ሲሆን፤ አንዳንዱ ዛሬ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

በአላባማ ክፍለ ግዛት፤ ጂስ ቤንድ በምትባል የጥቁር ሕዝቦች የገጠር መንደር፤ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባለች ሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቀድዳ፤ እርሱን እያሰበች የምትለብሰው ክዊልት ሰፋችበት። የዚህች መንደር ሴቶች ሥራ በ2002 በሂውስተንና በኒው ዮርክ ቤተ መዘክሮች ለሕዝብ ታይቷል። እነርሱ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በማስመሪያ ሳይሆን በዓይናቸው ፍርድ ነውና፤ ከዚህ በታች የምገልጸውን ሕግ በእነርሱ ላይ ልጭን አልደፍርም። ነገር ግን አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ቁራጮችን ገጥሞ የተወሰነ ንድፍ ለማውጣት የሚፈልግ ሰው ያለ ልክ አንድ እርምጃ አይራመድም። ጨርቁም ከሟች እናት ቀሚስ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ከተበላሸ በኋላ ከገበያ የሚተካ አይደለም።

የክዊልት ሠሪዎች የስፌት ዳር ሩብ ኢንች ነው፤ ይኸውም 6 ሚሊ ሜትር ከጥቂት ማለት ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ 3 ኢንች እንዲሆን የሚፈለግ አራት ማዕዘን በሁለቱም ወገን ሩብ ሩብ ኢንች ስለሚታጠፍበት፤ ሲቆረጥ 3 ኢንች ተኩል መሆን ይገባዋል። እንግዲህ ሰፊው በቸልታ ዳሩን በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ አሰፋው እንበል። አንዱ ስፌት ከግራው ቁራጭ 1፤ ከቀኙም 1 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። በአንድ ረድፍ 30 ቁራጮች ቢኖሩ ስፌቶቹ 29 ናቸውና፤ ረድፉ በ58 ሚሊ ሜትር ያጥራል፤ ይህም ወደ 6 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። የሂሳብ መዝገብ የሚይዙ አንባቢዎች በየገጹ የምትጐድል ሣንቲም በዓመቱ መጨረሻ ምን እንደምታደርግ ያውቃሉና፤ ነገሩን ለእነርሱ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሁሉም እኩል ቢያጥር ኖሮ ጕዳቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ልብሱ ጥቂት ያንሳል እንጂ አይጣመምም። ችግሩ የሚመጣው ብዙ ስፌት ያለበት ክፍል ስፌት ከሌለበት ክፍል ጋር ሲጋጠም ነው። ዘጠኝ ቁራጮች ያሉበት ክፍል በአንድ ረድፉ ሁለት ስፌት ስላለው 4 ሚሊ ሜትር ሲያጥር፤ ጎረቤቱ የሆነው አንድ ወጥ ጨርቅ ምንም አይጐድልበትም። ሰፊው ሁለቱን ለማስማማት አጭሩን ይጐትታል፤ ረጅሙንም ያጨማድዳል፤ ስለዚህ ልብሱ አልጋ ላይ ሲዘረጋ እንደ አቃቂ ወንዝ ዳር ወጣ ገባ ይላል።

እርግጡን ለመናገር፤ ሙሉ ሩብ ኢንች እንኳ ጥቂት ይበዛል። ጨርቁ በስፌቱ ላይ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ የክር ውፍረት ያህል ቦታ ስለሚይዝ፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ክር አጥብበው ይሰፋሉ። መኪናችሁን ለመፈተን ስፋታቸው 1 ኢንች ተኩል የሆነ ሦስት ቀጫጭን ቁራጮች ጎን ለጎን ሰፍታችሁ ተኵሱና የመካከለኛውን ለኩ፤ ልክ 1 ኢንች ከሆነ ስፌታችሁ ትክክል ነው። ካነሰ ዳሩን አጥብቡ፤ ከበለጠም አስፉ። የመኪናው እግር ጠርዝ ከመርፌው ሩብ ኢንች ይርቃል ብላችሁ አትመኑት፤ እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያልና። በፈተናው ያገኛችሁትን ርቀት ከመርፌው ጀምራችሁ በመለካት፤ በመኪናው ሰሌዳ ላይ ወፍራም ፕላስተር ለጥፉና የጨርቁ ዳር እርሱን ተጠግቶ እንዲሄድ አድርጉ።

አሁን ወደ መቍረጡ ልመለስ፤ በእርግጥ አስቀድሜ ልናገረው ይገባኝ ነበር። በካርቶን ቅርጽ ዙሪያ በእርሳስ እየነደፉ በመቀስ የሚቈርጡ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠብቃቸዋል፤ የእርሳሱ መስመር ራሱ ውፍረት አለው፤ የካርቶኑም ጠርዝ ከብዙ መንደፍ በኋላ ይበላል። በ1979 ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ክብ ምላጭ ያለው መቍረጫ ካወጣ ወዲህ፤ ምላጩን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ እያንከባለሉ ብዙ እጥፍ ጨርቅ ባንድ ጊዜ መቍረጥ ተችሏል። መሣሪያው ምንም ይሁን ምን፤ ቁራጩ ድርና ማጉን ተከትሎ ይቈረጥ። በሰያፍ የተቈረጠ ጨርቅ ይሳባልና።

ሦስት ማዕዘን ብዙ ሰው የሚያሸንፈው በዚሁ በሰያፉ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከመቍረጥ በፊት መስፋት ነው። ቀለማቸው የተለያየ ሁለት አራት ማዕዘኖች ፊት ለፊት ደርባችሁ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በሩብ ኢንች ርቀት ስፉ፤ ከዚያ በኋላ በመስመሩ ላይ ቍረጡ። ሁለት ክፍሎች ይወጡላችኋል። የመጀመሪያው አራት ማዕዘን ከሚፈለገው መጠን በ 7/8 ኢንች መብለጥ አለበት፤ ምክንያቱም በሰያፍ የሄደ ስፌት ከቀጥተኛው ይልቅ ከጐኑ ብዙ ይወስዳል። እኔ ግን በሙሉ 1 ኢንች አስበልጦ መቍረጥንና ከተሰፋ በኋላ አስተካክሎ መከርከምን እመርጣለሁ። ጥቂት ጨርቅ ይባክናል፤ ልኩ ግን አያጠራጥርም።

ካውያውን እንደ ሸሚዝ መተኮሻ ወዲያና ወዲህ አትግፉት፤ አንሡና አሳርፉት እንጂ። ሲገፋ ጨርቁን ይዞት ይሄዳል። የስፌቱም ዳር በአንደኛው ረድፍ ወደ ግራ፤ በሚቀጥለው ወደ ቀኝ ተደርጎ ቢተኰስ፤ ሁለቱ ረድፎች ሲገናኙ ዳሮቹ እንደ ጥርስና ጥርስ ይያያዛሉ፤ ማዕዘናቱም በመገናኛው ላይ ሳይዛነፉ ይቀመጣሉ።

እያንዳንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ከመስፋታችሁ በፊት ለኩት። የበለጠ ከሆነ ይከረከማል። ያነሰውን ግን በመጐተት ለማስረዘም አትሞክሩ፤ ስፌቱን ፍቱት፤ ቁራጮቹንም ለየብቻ ለኩና ጉድለቱ ከመቍረጡ ወይስ ከመስፋቱ መሆኑን ለዩ። ከመስፋቱ እንደ ሆነ ጨርቁ ገና በእጃችሁ ነው።