የፈንጣጣ አባት

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ጅማ የሚጓዝ መንገደኛ ቦንጋን አቋርጦ ያልፋል። ይህ የቡና አገር እስከ 1897 ድረስ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር የከፋ መንግሥት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በ1859 ወደዚህ መንግሥት ጉልየልሞ ማሳያ የተባለ የኢጣልያ ጳጳስ ገባ። ሰዉ «አቡነ መስያስ» ይለው ነበር። የመጣው ለመስበክ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ በቆየባቸው የኦሮሞ አገሮች ዝናን ያተረፈው ፈንጣጣን በመከተቡ ስለ ነበር «የፈንጣጣ አባት» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር።

የዛሬ ተማሪ ፈንጣጣን በዓይኑ አላየም። ሕመሙ በትኩሳት ይጀምርና ፊትንና ገላን መግል በቋጠሩ ቁስሎች ይሸፍናል። ከታመሙት ከሦስቱ አንዱን ያህል ይገድል፣ ከተረፉትም አንዳንዶቹን ያሳውር ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር በ1796 የላም ፈንጣጣ የተከተበ ሰው ከዚህ በሽታ እንደሚድን አሳየ። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ፈሳሹ ቶሎ ይበላሽ ስለ ነበር፣ ከታቢው ከተከተበው ሕፃን ክንድ እየቀዳ ወደ ሌላው ክንድ ያሸጋግር ነበር። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ይህ ጥበብ ሁሉ ከአውሮፓ መጣ ብላችሁ ግን አታስቡ። ከሕመምተኛው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ መጫር በአገራችን፣ በትግራይ፣ ቀደም ብሎ የታወቀ ዘዴ ነበር። ቻይናውያንም የደረቀውን ቅርፊት ፈጭተው በአፍንጫ ይነፉ ነበር። ችግሩ እነዚህ ዘዴዎች እውነተኛውን ፈንጣጣ የሚሰጡ በመሆናቸው አንዳንድ ጊዜ መግደላቸው ነው። ቃሉንም ልብ በሉ፦ «ከተበ» በግእዝ «ጻፈ» ማለት ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው «ክታብ» ከዚሁ ግሥ የወጣ ስም ነው። ማሳያ በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ ስላሳተመ በሁለቱም ፍች ከታቢ ነበር ለማለት ይቻላል።

በሙያው ምክንያት በነገሥታት ዘንድ የተፈለገ ሰባኪ ማሳያ ብቻ አይደለም። በቻይና ይህ ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ታይቷል። ኢጣልያዊው ማቴዎ ሪቺ በ1601 ለንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት አበርክቶ በፔኪንግ ለመቀመጥ ተፈቀደለት። ጀርመናዊው አዳም ሻል ከ1644 ጀምሮ ዘመን የሚቆጠርበትንና ከዋክብት የሚጠኑበትን የመንግሥት መሥሪያ ቤት መራ። በ1661 ንጉሠ ነገሥቱ በፈንጣጣ ሲሞት ልጁ ካንግሺ ለዙፋን የተመረጠው አስቀድሞ ፈንጣጣ ወጥቶለት ስለ ዳነ ነው። ለካንግሺ የተሠሩት የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያዎች ዛሬም በፔኪንግ ቆመው ይታያሉ። በ1724 ተተኪው የክርስትናን ስብከት ሲከለክል እንኳ ባለ ሙያዎቹን በከተማው አስቀራቸው።

የማሳያ ዕጣ ግን ከዚህ የተለየ ሆነ። በ1861 ከከፋ ተባረረ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የነገሥታቱ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት የፀሐይንና የጨረቃን ግርዶሽ አስልቶ በየዓመቱ የዘመን መቁጠሪያ የሚያዘጋጅለት ሰው ያስፈልገው ነበር። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ግን ለብዙ ዓመት ከታቢውን አይፈልገውም። ማሳያ ከ1868 ጀምሮ በሸዋ የንጉሥ ምኒልክ አማካሪ ሆኖ ቢከበርም፣ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጣ።

ፈንጣጣው ግን በአገራችን ቀረ። በ1971 የማጥፋቱ ዘመቻ ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ 26,329 ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ መኪና በማይገባበት ስፍራ ሁሉ በእግርና በበቅሎ ዞሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1976 ነው።