ነፍስ፦ የአስተርጓሚ ማስታወሻ

በአማርኛ ነፍስ የቤተ ክርስቲያን ቃል ብቻ አይደለችም። ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ቀበሌ፣ ጦር ሰፈር፣ ወጣቶች ሰብሰብ ብለው በሚጫወቱበትም ሁሉ ትሰማለች። መነሻዋ የግእዙ ነፈሰ ነው፤ ነፋስ፣ ትንፋሽና መንፈስ ከዚያው ግንድ የወጡ ናቸው። የዐረብኛው ነፍስና የዕብራይስጡ ኔፌሽም ዘመዶቿ ናቸው። ይህ ዝምድና በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ አሁንም ሕያው ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ነፍስን ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ በልቡ ያለው የሚተነፍሰው፣ የሚደክመውና የሚበረታው ሰው ነው እንጂ ከሞት በኋላ የሚቀረው ረቂቅ ባሕርይ አይደለም።

ቃሉ በግእዝ የሴት ጾታ አለው፤ አማርኛም ይህን አልጣለም። ታማሚው በሞትና በሕይወት መካከል ሲሆን «ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ነው» ይባላል፤ ትእዛዙ የሚነገረው ለሴት ነው። ነፍስ ትወጣለች፣ ትለያለች፣ ትመለሳለች። ከድንጋጤ በኋላ «ነፍሴ መለስ አለች» የሚል ሰው፣ ረኃብ አዙሮት አንድ ጉርሻ ሲቀምስ «አሁን ነፍስ ዘራሁ» የሚል ሰው፣ ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም ውሎ «ነፍሴ ወጣች» የሚል ሰው፣ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ ሰውነታቸው ነው። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚያመጣው ከነፍስ አጠገብ የሚቆመው ግስ ነው።

አስተርጓሚ በዋናነት የሚጠነቀቅበት ቦታ ግን ከግሱም ይጠብባል። ነፍስ ባለቤቷን በሚያመለክት ቅጥያ ስትመጣና እንዲሁ ባዶዋን ስትመጣ ትርጉሟ ይለወጣል። «ነፍስ አወቀ» ማለት ልጁ ክፉና ደጉን ለመለየት፣ የሆነውን ለማስታወስ ደረሰ ማለት ነው። «ነፍሱን አያውቅም» ማለት ግን ሰውየው ከሕመም፣ ከመጠጥ ወይም ከድንጋጤ የተነሣ ራሱን ስቷል ማለት ነው። አንድ ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሴት ሲመረምር፣ አስተርጓሚው «እማማ፣ ይህ ሕመም ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስቸግርዎ?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸውም «ኧረ ልጄ፣ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ» ይላሉ። በካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት ከልጅነት የጀመረ ሕመም መሆኑ ነው። ቀጥለው «ባለፈው ሳምንት ደግሞ ነፍሴን አላውቅም ነበር» ቢሉ ሐኪሙ ሊሰማ የሚገባው ራሳቸውን ስተው እንደነበረ ነው፤ ወዲያውም ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ወድቀው ነበር ወይ፣ ራሳቸውን መትተው ነበር ወይ ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ከተሻገረ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው እንግዳ የሃይማኖት ንግግር ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ከሆነ ደግሞ የቅዠት ምልክት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ሌላው ጥንድ ከዚህ የከበደ ነው። «ነፍስ አጠፋ» ሲባል ሰው ገደለ ማለት ነው፤ «በገዛ እጁ ነፍሱን አጠፋ» ሲባል ራሱን ገደለ ማለት ነው። በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ነፍሴን አጠፋለሁ» ቢልና «ነፍስ አጠፋለሁ» ቢል በሁለቱ መካከል ያለው የአንዲት ቅጥያ ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛውን ከራሱ መጠበቅ፣ ሁለተኛው ሌላውን ሰው ከእሱ መጠበቅ ይጠይቃል። ድምፁ ዝቅ ካለ፣ ወይም ታማሚው እያለቀሰ ከተናገረ ቅጥያዋ በቀላሉ ትዋጣለች። እንዲህ ባለ ጊዜ መገመት ፈጽሞ ተገቢ አይደለም፤ ሰውየው እንዲደግመው መጠየቅ አለበት፤ የተጠየቀው ለምን እንደሆነም ለሐኪሙ ሊነገረው ይገባል።

በፍርድ ቤትም ያው ጥንቃቄ ይቀጥላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 538 ጀምሮ ስለ ሰው ግድያ ሲደነግግ ከባዱን፣ ተራውንና በቸልተኝነት የሚፈጸመውን ይለያል። ምስክር ግን «ነፍስ አጠፋ» ይላል፤ ይህ አነጋገር ታስቦበት ይሁን በቸልተኝነት አይናገርም። ከሦስቱ አንዱን መርጦ የምስክሩን ቃል የሚያጠብቅ አስተርጓሚ የዳኛውን ሥራ እየነጠቀ ነው።

ነፍስ ሰው መቁጠሪያም ናት። «ስምንት ነፍስ አስተዳድራለሁ» የሚል አባወራ ስምንት ሰው ያበላል። በጀት ሲወራ የነፍስ ወከፍ ገቢ፣ ትጥቅ ሲወራ የነፍስ ወከፍ መሣሪያ ይባላል፤ የኋለኛው አንድ ወታደር ብቻውን የሚይዘውን ከቡድን መሣሪያ ለመለየት የሚያገለግል ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይናገር ባለጉዳይ የትርጉም አገልግሎት እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም የመሥሪያ ቤቶቹ ቅጾች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ቢሮ የቤተሰብ ቁጥር የተጠየቀ ሽማግሌ «አምስት ነፍስ ነን» ካሉ መልሳቸው ቁጥር ነው፤ ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ነፍሰ ጡርና ነፍስ አድንም ከዚሁ ከሕይወት ትርጉም የወጡ የታወቁ ቃላት ናቸው። ብዙ ቁጥሩ ነፍሳት ግን መንገዱን ስቶ ትንኝና ጉንዳን ላይ አርፏል፤ ጥቃቅን ነፍሳት ሲባልም በዐይን የማይታዩት የበሽታ መንስኤዎች ይጨመሩበታል። «ነፍሳት ነክሶኝ ነው» የሚል ሰው ቆዳው ላይ ያለውን እብጠት እያሳየ ነው።

የሃይማኖቱ ትርጉም ሰፊ ቦታ ይዞ የሚገኘው በሞትና በንስሐ ዙሪያ ነው። ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ የነፍስ አባት አለው፤ ኃጢአቱን የሚናዘዘው ለእሱ ነው፤ ቤተሰቡም የነፍስ ልጆቹ ይባላሉ። ሰው ሲሞት ፍትሐት ይደረጋል፣ ነፍሱን ለማሳሰብ በአርባው ቀን ተዝካር ይወጣል። ለቀስተኛ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ በጽሑፍ የሟቹ ስም ከመጠራቱ በፊት «ነፍስ ኄር» ይገባል። ታማሚ የነፍስ አባቱን እንዲጠሩለት ሲጠይቅ «ቄስ» ብሎ ብቻ ማስተላለፍ ጥያቄውን ያጎድለዋል፤ የፈለገው ማንኛውንም ካህን ሳይሆን ለዓመታት ምስጢሩን የሚያውቀውን አንድ ሰው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች በዚህ ቦታ ሩሕ የሚለውን ይጠቀማሉ፤ ነፍሲያ ሲሉ ደግሞ ሰው ሊያሸንፈው የሚገባውን የራሱን ክፉ ፍላጎት ማለታቸው ነው። ስለዚህ «ከነፍሲያዬ ጋር እየታገልኩ ነው» የሚለው ንግግር የመንፈሳዊ ትጋት እንጂ የሕመም መግለጫ አይደለም።

በከተማ ወጣቶች አንደበት ደግሞ ቃሉ ወደ ቅጽልነት ተሻግሯል፦ «ነፍስ ሙዚቃ»፣ «ምግቡ ነፍስ ነው»። ትርጉሙ ደስ የሚል፣ እጅግ የሚጣፍጥ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥም አንዳንድ ጊዜ ይሰማል፤ ለሕመም ማስታገሻ «ነፍስ መድኃኒት ነው» ያለ ወጣት መድኃኒቱ በደንብ እንደሠራለት ተናግሯል፤ ሕይወቱን እንዳተረፈለት አልተናገረም።