ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ጉዳት ሲያደርስ ዕዳው በማን ላይ ያርፋል?

ስለ ኢንሹራንስ ሲነሣ ብዙዎቻችን «መኪና የሌለው ተማሪ ይህ ምን ያገባዋል?» ማለት ይቀናናል። ይሁን እንጂ መኪና ባይኖረንም በየቀኑ መንገድ እናቋርጣለን፤ በታክሲና በአውቶቡስ እንሳፈራለን፤ አንዳንዶቻችንም የአባታችንን ወይም የወንድማችንን መኪና ተውሰን እንነዳለን። አደጋ በደረሰ ጊዜ እንግዲህ ወይ ካሳ ጠያቂዎች፣ ወይም ለቤተሰባችን የዕዳ ምክንያት እንሆናለን። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚልና ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚደነግገው፣ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው። የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን፣ ያውም ሳይፈቀድለት የነዳ ቢሆን፣ ባለቤቱ አያመልጥም። የሚድነው በዚያን ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ሲያስረዳ ነው፤ ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ ከሆነም እንደ ጥፋቱ መጠን ኃላፊነቱ ይቀርለታል ወይም ይቀነስለታል። «እኔ አልነዳሁም» ወይም «ጥፋት የለብኝም» ማለት ብቻውን አያዋጣም። መኪናውን ለወዳጁ የሚያውስ ሰው ሀብቱን ጭምር አስይዞ እንደሚያውስ ይወቅ።

ካሳው ስንት ነው ቢባል፣ በሕጉ ቁጥር 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። የሐኪም ቤትና የመድኃኒት ወጪ፣ ተጎጂው ሥራ ፈትቶ በመተኛቱ ያጣው ገቢ፣ አካሉ ከጎደለም ወደ ፊት እንደሚያጣው የተረጋገጠው ሁሉ ይታሰባል። ተጎጂው የሞተ እንደሆነ ባል ወይም ሚስቱ፣ ልጆቹና ወላጆቹ ለመተዳደሪያቸው ካሳ ይጠይቃሉ። ሕጉ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለሌላው ኪሣራ ግን እንዲህ ያለ ወሰን አላበጀም።

ሁለት መኪናዎች ሲጋጩም፣ አደጋው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ፣ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራሉ፤ ኪሣራውንም እኩል ይካፈላሉ። ለምሳሌ የአንደኛው ጉዳት 60,000 ብር፣ የሁለተኛው 20,000 ብር ቢሆን፣ ድምሩ 80,000 ስለሆነ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 40,000 ነው። ስለዚህ ያነሰ ጉዳት የደረሰበት ሰው የራሱን መኪና በራሱ ገንዘብ ከማሠራቱ በላይ ለሌላው 20,000 ብር ይጨምራል።

ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ይህን ሁሉ የሚከፍለው ከራሱ ነው። ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላ በባንክ ያለው ገንዘብ፣ መኪናው፣ አልፎም ቤቱ ሊያዝና ሊሸጥ ይችላል፤ ደመወዝተኛም ከሆነ ከደመወዙ በየወሩ ይቆረጣል። ባለመኪናው ምንም የሌለው ሲሆን ደግሞ የባሰ ነገር ይመጣል። ተጎጂው ፍርዱን በእጁ ይዞ፣ የሚከፍለው አጥቶ ይቀራል። ከሌለው ሰው ላይ የተፈረደ ካሳ ከወረቀት አያልፍምና።

ይህን ችግር ለማቃለል በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የሦስተኛ ወገን መድን ለባለመኪናዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ይኸው አዋጅ ሲወጣ መድን ሰጪው የሚከፍለውን ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር። መድን በሌለው ወይም ገጭቶ በጠፋ መኪና ለሞተና አካሉ ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድም አለ። ነገር ግን ፈንዱ ለባለመኪናው ምሕረት አላደረገለትም፤ ለተጎጂው የከፈለውን መልሶ ከእርሱ ይጠይቃል። ከመድኑ ወሰን የሚያልፈውም ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በባለቤቱ ላይ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች ዓመት ሙሉ ያለ አደጋ ሲነዱ የከፈሉት የኢንሹራንስ ገንዘብ በከንቱ እንደ ባከነ ይቆጥሩታል። እነዚሁ ሰዎች ግን ዓመቱን ሙሉ ለእድራቸው ሲያዋጡ «ከቤቴ ሰው ስላልሞተ ገንዘቤ ይመለስልኝ» አይሉም። የኢንሹራንስም ሥራ ከዚህ አይለይም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ የለምን?

እንግዲህ መኪና የምንዋስ ሁሉ ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት ኢንሹራንሱ መኖሩንና ጊዜው አለማለፉን እንጠይቅ። በመኪና የተጎዳም ሰው የሰሌዳውን ቁጥር ይያዝ፣ ሳይዘገይም ለትራፊክ ፖሊስ ያስታውቅ፤ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና። ባለመኪና የሆኑ ዘመዶቻችንም ኢንሹራንስ የሚገቡት ትራፊክ ፖሊስን ፈርተው ብቻ እንዳይሆን፣ መንገድ ስለሚያቋርጠውም ሰው አስበው እንዲሆን እንምከራቸው።