ስኳርና ኩላሊት፦ ሕመም የማይሰማው ጉዳት

ሽንት ላይ ጉንዳን መሰብሰቡ የስኳር በሽታ ምልክት መሆኑን በገጠርም በከተማም ብዙ ሰው ያውቃል። ጉንዳን የማይከበው፣ በዓይን የማይታይ፣ ይበልጥ አስጊ የሆነ ሌላ ምልክት መኖሩን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሙያችን ፊዚክስ እንጂ ሕክምና አይደለም። ይሁን እንጂ ኩላሊት በግፊት የሚሠራ ማጣሪያ በመሆኑ ከሙያችን ብዙም አይርቅም። ልብ በደቂቃ ከምትረጨው 5 ሊትር ገደማ ደም 1 ሊትር ያህሉ ወደ ኩላሊቶች ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። አብዛኛው ከነስኳሩ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ማጣሪያው የራቤል እናቶችን የጠላ ማጥለያ ይመስላል፤ ቀጭኑን አሳልፎ እንደ አልቡሚን ያለውን ትልቅ ፕሮቲን ያስቀራል። ልዩነቱ፣ እዚህ የሚቀረው አተላ ሳይሆን ሰውነት የሚፈልገው ሀብት መሆኑ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይጀምራል?

በደም ያለው ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ገደማ ሲበልጥ ኩላሊት ሁሉንም መመለስ ያቅተውና ትርፉ በሽንት ይወጣል። ጉንዳኑን የሚጠራው ይህ ነው። ኩላሊት ስኳሩን ሲመልስ ሶዲየምንም አብሮ ይመልሳል። ስለዚህ በቱቦው ውስጥ ወዳለው ጠቋሚ ክፍል የሚደርሰው ጨው ያንሳል፤ ጠቋሚውም ማጣራቱ የቀነሰ መስሎት ደም የሚያስገባው ቧንቧ እንዲሰፋ ያደርጋል። በፗዜይ ሕግ መሠረት የፍሰት መጠን ከሬዲየስ አራተኛ ፓወር ጋር ይመጣጠናል። ሌላው ሳይለወጥ ሬዲየሱ በ10 በመቶ ቢሰፋ ፍሰቱ በ46 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። ማጣሪያው ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ግፊት ይሸከማል፤ ስኳሩም ግድግዳውን ያወፍረዋል፣ ያጠብሰዋልም። ውሎ አድሮ አልቡሚን ማምለጥ ይጀምራል። የማይታየው ምልክት ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛው ምንም አይሰማውም።

ለራቤል ሰው ምን ማለት ነው?

በግሼ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። እግሩ አብጦ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ኩላሊቱ አብዛኛውን አቅሙን አጥቶ ሊሆን ይችላል። ኩላሊቱ ጨርሶ ከደከመ ያለው አማራጭ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ ነው። እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ለገበሬው ከእርሻውና ከበጎቹ ተለይቶ ከተማ መክረም ነው። ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲሆን፣ ኩላሊቱን የሚለግስ ሰው ይሻል።

ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንቱን ለአልቡሚን፣ ደሙን ለክሪያቲኒን ማስመርመር ይገባዋል። ኩላሊት ግማሽ ገደማ አቅሙን እስኪያጣ ክሪያቲኒን ከፍ ላይል ስለሚችል የደም ምርመራው ብቻውን አይበቃም። ስኳርንና የደም ግፊትን መቆጣጠር የመጀመሪያው መከላከያ ነው። በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ደም የሚያስወጣውን ቧንቧ አስፍተው የማጣሪያውን ግፊት ያቀላሉ፤ እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት ደግሞ ስኳርና ሶዲየም አብረው መመለሳቸውን ቀንሰው የተሳሳተውን ጠቋሚ ያርማሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ስኳር ያለበት ዘመድ ካላችሁ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ «ሽንትዎን ለፕሮቲን ተመርምረው ያውቃሉ?» መልሱ «አላውቅም» ከሆነ፣ ጊዜ ሳለ ወደ ጤና ተቋም አብራችሁት ሂዱ።