ሥራ ፍለጋ በኢንተርኔት፦ ከእኔ ስህተት ተማሩ

ዛሬ ላጫውታችሁ የመጣሁት ስለ ሥራ ፍለጋ ነው። «ገና ተማሪዎች ነን፤ ሥራ ምን አገባን?» እንዳትሉ። እኔም አሥረኛ ክፍል ሳለሁ እንደዚያ ነበር የምለው።

በ2008 ዓ.ም. ከኮሌጅ በአካውንቲንግ ተመርቄ ስወጣ ሥራ የምፈልገው እንደ ማንኛውም ሰው ነበር። ጠዋት አራት ኪሎ ሄጄ ጋዜጣ ተከራይቼ አነባለሁ። የሚሆነኝን ማስታወቂያ ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ። ከሰዓት ደግሞ የትምህርት ማስረጃዬን ፎቶ ኮፒ ይዤ ከቢሮ ቢሮ እዞራለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ሥራ ሳይሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው? የታክሲውንና የፎቶ ኮፒውን ገንዘብ የምትሰጠኝ እናቴ ነበረች፤ እሷ ደግሞ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ነው ያሳደገችን።

እንዲህ ስንከራተት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል አንዷ የሰፈራችን ልጅ «አንቺ፣ ሊንክድኢን የለሽም እንዴ?» አለችኝ። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

ለመሆኑ ሊንክድኢን ምንድን ነው?

ሊንክድኢን ሰዎች በሥራ ጉዳይ የሚተዋወቁበት ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ በ2016 ደግሞ ማይክሮሶፍት በ26 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን በላይ አባላት አሉት። ለመደበኛው አገልግሎት ክፍያ የለውም። ፌስቡክ ላይ ሰው የልደትና የሠርግ ፎቶውን ይለጥፋል፤ እዚህ ግን የሚያስቀምጠው የተማረውን፣ የሠራውንና የሚችለውን ነው። ቀጣሪዎችም የሚፈልጉትን ሙያ ጽፈው ሰው ይፈልጉበታል።

አሠራሩ እንደ ክብ በክብ ነው። እኔ በቀጥታ የማውቃቸው ሰዎች የመጀመሪያው ክብ ናቸው። እነሱ የሚያውቋቸው ደግሞ ሁለተኛው ክብ ይሆናሉ። እኔ 50 ሰው ባውቅና እያንዳንዱ ሌላ 50 ሰው ቢያውቅ፣ የሚደጋገመው ሳይቆጠር እስከ 2,500 ሰው ድረስ በአንድ ሰው አማካይነት መድረስ እችላለሁ ማለት ነው።

ስልኬ ላይ ከፈትኩና ጀመርኩ። ነገር ግን የጀመርኩት ከስህተት ነበር።

ሁለት ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተቴ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «እንተዋወቅ» ማለቴ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ200 ለሚበልጡ ጨርሶ ለማላውቃቸው ሥራ አስኪያጆች ጥያቄ ላክሁ። ለሁሉም «እባክዎ ሥራ ይስጡኝ» የሚል አንድ ዓይነት መልእክት ጻፍኩ። ገጼ ላይ ደግሞ «ሥራ ፈላጊ» ከሚል በቀር ምንም የለበትም። እስቲ አስቡት፤ መንገድ ላይ የማታውቁት ሰው አስቁሟችሁ «ቅጠሩኝ» ቢላችሁ ትቀጥሩታላችሁ? ማንም አልመለሰልኝም።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን «የቅጥር ኃላፊ ነኝ» ያለ ሰው ጻፈልኝ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ትልቅ ሆቴል የሂሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ሲነገር ያስደነግጣል። ፈተና የለም፤ ቃለ መጠይቅ የለም። «ተመርጠሻል» አለኝ። የፓስፖርት ኮፒና ለፕሮሰስ 6,000 ብር በሁለት ቀን ውስጥ እንድልክ ጠየቀኝ። እናቴ በዚያ ሳምንት እቁብ ወጥቶላት ነበር። «ውሰጂው፤ ልጄ ሥራ ከያዘች ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ብላ ገንዘቡን በመሀረብ እንደተቋጠረ ሰጠችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ተነሥቼ የሆቴሉን የራሱን ድረ ገጽ ፈለግሁና እዚያ በተጻፈው ስልክ ደወልኩ። «በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ የለንም፤ ማስታወቂያም አላወጣንም» አሉኝ። የሰውየውን ገጽ መለስ ብዬ ሳየው ከተከፈተ ወር አልሞላውም። መሀረቡን ሳልፈታ ለእናቴ መለስኩላት። ባልደውል ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181፣ የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ድርጅት ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል እንደሌለበት በመርህ ደረጃ ይደነግጋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923ም የቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ደንግጓል። ስለዚህ «መጀመሪያ ገንዘብ ላክ» የሚል ቀጣሪ ሲመጣ ቆም በሉ።

ታዲያ ሥራ እንዴት አገኘሁ?

አበው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ። ለችግር ቀን እውነት ነው። ለሥራ ወሬ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ሰዎችን «ሥራውን የነገራችሁን ሰው በምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠይቆ ነበር። «አዘውትረን» ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው የነገራቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛዬ የምታውቀውን እኔም አውቀዋለሁ፤ የምንውለው አንድ ላይ ነዋ! ከሩቅ የሚያውቀኝ ሰው ግን እኔ ያልሰማሁትን ይሰማል።

በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናትም ይህንኑ በሊንክድኢን ላይ፣ ከ20 ሚሊዮን በሚበልጡ ተጠቃሚዎች ፈትኖታል። ይበልጥ የጠቀመው መጠነኛ ትውውቅ ሆኖ ተገኘ፤ በጣም የቅርቡም፣ ጨርሶ የሩቁም አይደለም። ይህም የታየው ይበልጥ ከኮምፒዩተር ጋር በተያያዙ የሥራ መስኮች ነው። በሌሎች መስኮች የቅርብ ሰው ይበልጥ ጠቅሟል። ስለዚህ ዘመድና ጎረቤትንም መጠየቅ አትተዉ።

የእኔ የሩቅ ሰው ማን መሰለቻችሁ? አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለቡና ጠጡ ፕሮግራም የሚወጣውን የስኳር፣ የቡናና የፈንዲሻ ወጪ ሳይቀር እመዘግብ ነበር። ክበባችንን የምታሠለጥን አንዲት ሲስተር ከጤና ጣቢያ ትመጣለች። አንድ ቀን መዝገቤን አገላብጣ አይታ «ጎሽ!» ብላኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አላየኋትም።

ገጼን አስተካክዬ ስጽፍ ይህንንም አስገባሁ። «ሥራ ፈላጊ» የሚለውን አጥፍቼ «የአካውንቲንግ ምሩቅ፤ ለሁለት ዓመት የተማሪዎች ክበብ ገንዘብ ያዥ» አልኩ። ከዚያ የማውቃቸውን ሰዎች ብቻ መፈለግ ጀመርኩ። ሲስተርን አገኘኋትና እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። በትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ገንዘብ ያዥ የነበርኩት ተማሪ ነኝ። አሁን በአካውንቲንግ ተመርቄያለሁ። በሙያዬ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ሲወጣ ቢሰሙ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ስለ ሥራው ምክር ቢሰጡኝም አመሰግናለሁ።»

ልብ በሉ፤ «ይቅጠሩኝ» አላልኩም። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንደምንተዋወቅና ምን እንደምፈልግ ብቻ ነው የጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። በምትሠራበት ድርጅት የረዳት ገንዘብ ያዥ ቦታ ሊወጣ ነበር። ማስታወቂያው ሲወጣ ነገረችኝ፤ አመለከትኩ፤ ከሌሎች ጋር ተፈትኜ አለፍኩ። ሲስተር በሩን አሳየችኝ እንጂ ፈተናውን አልሠራችልኝም።

እናንተስ ከዛሬ ምን ትጀምራላችሁ?

ሊንክድኢን የሚፈቅደው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው። ዕድሜያችሁ ካልደረሰ ደብተር በቂ ነው። በክበብ፣ በሚኒ ሚዲያ፣ በበጎ ፈቃድ የሠራችሁትን ከነቀኑ ጻፉ። «ጎበዝ ነኝ» ከማለት «40 ተማሪዎችን ለሦስት ወር ሂሳብ አስጠናሁ» ማለት ይበልጣል። ያልሠራችሁትን ግን አትጻፉ፤ ውሸት አንድ ስልክ ተደውሎ ይጋለጣል።

ገጽ ስትከፍቱ የቤት አድራሻችሁን፣ የመታወቂያና የፓስፖርት ቁጥራችሁን አታስቀምጡ። አዲስ ሰው ሥራ አለ ሲላችሁ ድርጅቱ ጋ ራሳችሁ ደውላችሁ አጣሩ። ቀጠሮ ከሆነ በቀን፣ በቢሮ፣ ለቤተሰብ ተናግራችሁ ሂዱ። ሥራን ለ«ጓደኝነት» መያዣ የሚያደርግ፣ ሆቴል ክፍል ወይም ማታ የሚቀጥር ሰው ካጋጠማችሁ ቀጣሪ አይደለም። ለአስገድዶ መደፈር፣ ለኤች አይ ቪና ላልተፈለገ እርግዝና የሚያጋልጥ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። መልስ ሳትሰጡ ዝጉት፤ ለምታምኑት ታላቅ ሰውም ንገሩ።

ሰው ሲረዳችሁ ደግሞ አመስግኑ፤ እናንተም የሰማችሁትን ለሌላው አካፍሉ። እኔ አሁን ክፍት ቦታ ስሰማ መጀመሪያ የማስበው እነዚያን አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሚያነቡ ልጆች ነው።

መዝገባችሁን አሳምሩ፤ ማን እያየው እንደሆነ አይታወቅምና። ቸር ይግጠመን!