በጕበት ውስጥ ያለው ዘበኛ

ማላቲዮን የተባለው ዱቄት ለነቀዝ መከላከያ በእህል ላይ ሲነሰነስ አይተው፣ «ነቀዙን የገደለ መርዝ ቤተ ሰቡን እንዴት ሳይገድል ይቀራል?» ብለው የጠየቁን መምህራን ጥቂቶች አይደሉም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአብዛኛው የሚገኘው በጕበታችን ውስጥ ነው።

ማላቲዮን ከሰውነት ሲገባ ከፊሉ ወደ ባሰ መርዝ ይለወጣል። ይህም መርዝ ኮሊንኤስትሬዝ የተባለውን፣ የነርቭ መልእክት እንደ ደረሰ የሚያጠፋውን ኢንዛይም አንቆ ይይዘዋል። መልእክቱም ማቆሚያ ያጣል፤ ተባዩ ተንዘፍዝፎ ይሞታል። የእኛም ነርቭ የሚሠራው በዚሁ ኢንዛይም ስለ ሆነ መርዙ ከደረሰበት አይምረንም። ነገር ግን በሰው ጕበት ካርቦክሲልኤስትሬዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም በብዛት ይገኛል። እርሱም ማላቲዮንን ሰንጥቆ ጕዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰ አሲድ ይለውጠዋል፤ ኵላሊትም ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። በብዙዎቹ ተባዮች ዘንድ ይህ ዘበኛ እጅግ ደካማ ነው። (ዘበኛው የበረታላቸው የትንኝ ዘሮችም አሉ፤ መድኃኒቱን ለመዱ ከምንላቸው ወገን ናቸው።)

ይሁን እንጂ ዘበኛውም ይሸነፋል። በ1968 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1976) በፓኪስታን የወባን ትንኝ ለማጥፋት ማላቲዮን ይረጩ ከነበሩት 7500 ያህል ሠራተኞች መካከል 2800 ያህሉ ታመሙ፤ 5 ሰዎችም ሞቱ። ነገሩ ሲመረመር፣ ዱቄቱ ተከማችቶ ሳለ ከፊሉ ወደ አይሶማላቲዮን ተለውጦ ተገኘ። አይሶማላቲዮን ደግሞ ያንኑ የጕበት ኢንዛይም የሚያስር ነው። ዘበኛው ታስሮ ሳለ፣ መርዙ ከራሰው ልብሳቸው በቆዳቸው በኩል ያለ ከልካይ ገባ።

ይህን ለውጥ ሙቀት ያፋጥነዋል። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ከርሞ፣ ስምና ቀን ሳይጻፍበት ተቈንጥሮ የሚሸጥ ዱቄት የሚያሳስበን ስለዚህ ነው። ከሁሉ ይልቅ የምንፈራው ግን የእህሉን ዱቄት ለቅማል ብሎ በሕፃን ራስ ላይ መነስነስን ነው፤ በሕፃን ጕበት ይህ ኢንዛይም ገና አልበረታምና።

ዱቄቱን የነካ ሰው ላብና ምራቁ ከበዛ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ትንፋሽም ካጠረው፣ ልብሱን አውልቆ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። የሚያጥበው ሰው እጁን ይሸፍን፤ የመርዙንም ዕቃ ለሐኪሙ ይዞ ይሂድ።